በወይራ የታጠነው ውስኪ

በዚህ ጉዳይ እጃቸው ያለበትን ሰዎች አስቀድሜ ላስተዋውቅ። ወሬ መሀል ላይ «እሱ ደግሞ ማን ነበር?» ተብሎ መቋረጥ አልወድም፤ ቤቴ ውስጥ የከለከልኩት ነገር ነው።

አንደኛው እኔ ነኝ። አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች በሚጠገኑበት ጋራዥ የመለዋወጫ መጋዘን ኃላፊ ነኝ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን ራሴን በራሴ አስተምሬአለሁ። የማርሽ ሣጥን መመሪያ ከመዝገበ ቃላት ጋር ጎን ለጎን ዘርግቼ ሁለት ክረምት አንብቤአለሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ንብ እርባታና ስለ ውርስ ሕግ አንብቤ፣ ያነበብኩትን ሁሉ እራት ላይ ለቤተሰቤ ሳካፍል ኖሬአለሁ። ልጆቼ ቶሎ ቶሎ የሚጎርሱት ከዚህ የተነሣ መሆኑ የገባኝ በቅርቡ ነው።

ሁለተኛዋ ባለቤቴ የሺ ናት። አዋሽ ላይ ማኅበር ያለበትም ሆነ ልጁን የሚድር ሰው ጠላ የሚያስጠምቀው እሷን ነው። ስትቆጣም ስትቀልድም ድምፅዋ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሬያት ኖሬ እንኳ የትኛው እንደሆነ የማውቀው ከደረሰብኝ በኋላ ነው።

ሦስተኛዋ ልጃችን ሰናይት ናት፤ ሠላሳ ዓመቷ ነው፣ ሰመራ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ናት። አራተኛው ሊያገባት የጠየቃት ዳዊት ነው፤ እሱም እዚያው የውኃ መሐንዲስ ነው። አምስተኛው የዳዊት አባት አቶ ጌታሁን ናቸው። ሰመራ ላይ የመምሪያ ኃላፊ ሲሆኑ፣ አንድ ነገር ከመናገራቸው በፊት መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ተናግረው ሲጨርሱ መልሰው ያደርጋሉ። ስድስተኛው መሐመድ ነው። መሐመድ የአፋር ሰው፣ የቀድሞ የቦቴ ሾፌር፣ የሃያ ዓመት ጎረቤቴና ከእኔ በኩል ሽማግሌ ሆኖ የቆመልኝ ወዳጄ ነው። ሰባተኛው ሰው አይደለም። ጠርሙስ ነው።

ጠርሙሱ ወደ ቤቴ ከመግባቱ በፊት አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ለሰናይት ከዳዊት በፊት ሁለት ፈላጊዎች መጥተውላት ነበር። አንደኛውን ሃያ ደቂቃ ስላረፈደ መለስኩት። ሁለተኛውን ጉንጩ አብጦ አየሁና «ጫት ቃሚ ለልጄ አይሆንም» ብዬ አሰናበትኩ፤ ኋላ እንደሰማሁት ሰውዬው ጥርሱን ታሞ ነበር። ዛሬ ሐኪም ሆኗል አሉ፣ የጥርስ ይሁን የሌላ አልጠየቅሁም። ስለዚህ ዳዊት ሲመጣ ሰናይት ስልክ ደውላ፣ በማያሻማ አማርኛ ይህን ነገረችኝ፦

«አባዬ፣ ይሄኛውን ካባረርክብኝ ሌላ ሰው አላመጣም። ካንተም ጋር አልጣላም። ግን ሌላ ሰው አላመጣም።»

ብትጣላኝ ይሻለኝ ነበር።

ሽማግሌዎች ተልከው፣ እኔም ደንቡ በሚፈቅደው መጠን አስቸግሬ፣ ሦስት ቀጠሮ ሰጥቼ በመጨረሻ እሺ አልኩ። የቀረው ሁለቱ ቤተሰቦች ሰመራ ተገናኝተው የሠርጉን ቀን መቁረጥ ነበር። አቶ ጌታሁን ግን ከዚያ በፊት ለመተዋወቅ ብለው አዋሽ ድረስ መጡ። ከመኪናቸው ሲወርዱ አንድ ረጅም ካርቶን እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው አቅፈዋል። ሳሎን ገብተው ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህ ተራ ውስኪ አይደለም» አሉ። «ሲንግል ሞልት ነው። ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ያመጣልኝ ነው። አሁን ከእኔ እጅ ወጥቶ የእናንተ ሆኗል፣ ግን አይክፈቱት። ለቀን መቁረጡ ስትመጡ ይዛችሁት ኑ፤ ዘመድ በተሰበሰበበት አብረን እንከፍተዋለን። እንዴት እንደሚቀመስም ያን ጊዜ አሳይዎታለሁ።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

ራሱን በራሱ ያስተማረን ሰው «አሳይዎታለሁ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ደግሞም ስጦታ ተብሎ ተሰጥቶ አይከፈት የሚባል ነገር በእኔ መጋዘን አደራ ነው የሚባለው፤ ፈርሜ ነው የምረከበው። ግን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። የሰናይት ስልክ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ውስኪ የማስበውን ልናገር፤ እራት ላይ ሳልሆን ስናገር የሚሰማኝ አላጣም ብዬ ነው። እኔ ከጠላ ያለፈ መጠጥ አልጠጣም። በከተሞቻችን ውስኪ የሚጠጣ ነገር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ጠርሙሱ ከነካርቶኑ ከአንዱ ቡፌ ወደ ሌላው ቡፌ፣ ከምርቃት ወደ ክርስትና፣ ከክርስትና ወደ ሠርግ ይዞራል። ከመሐመድ ቦቴ የበለጠ ኪሎ ሜትር የቆጠረ ጠርሙስ አውቃለሁ። ሰው የሚሰጠው እንዲጠጡለት አይደለም፤ ዋጋውን እንዲያውቁለት ነው። ዋጋውን ደግሞ ራሱ አይናገርም፤ ዘመድ ይናገርለታል።

የአቶ ጌታሁን ጠርሙስ ቡፌአችን ላይ ሁለት ሳምንት ተቀመጠ። ሚያዝያ ነበር፤ በአዋሽ ሚያዝያ ቡፌ ላይ የተቀመጠ ሻማ ወገቡ ይጎብጣል። ሳየው ሳየው አንድ ጥርጣሬ ገባኝ። ባዶ የውጭ ጠርሙስ ገዝተው በሌላ ነገር እየሞሉ የሚሸጡ ሰዎች አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። የአቶ ጌታሁን ወንድም ተታሎ ቢሆንስ? ያ ሁሉ ዘመድ ፊት ተከፍቶ፣ ሰውዬው ቢያፍሩ፣ በኀፍረታቸው ቢቆጡ፣ ቀኑ ቢበላሽስ? በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ተመሳስሎ የተሠራ ፊልትሮ አንድ ጊዜ እንኳ በእኔ መጋዘን በር አላለፈም። በላምባ የተበረዘ ናፍጣ ደግሞ ገና ጀሪካኑ ሲከፈት በአፍንጫዬ ነው የማውቀው፤ ሾፌሮች ከመቅዳታቸው በፊት ያሸትቱኛል። ይህን ሁሉ ችሎታ ይዤ ዝም ማለት ኃጢአት መሰለኝ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የሺ ገበያ በሄደችበት፣ ጠርሙሱን ከፈትኩት።

መጀመሪያ የሸተተኝ ክሊኒክ ነው። ቁስል ላይ የሚቀባው ቡናማ መድኃኒት፣ እሱ ራሱ። ቀጥሎ ሬንጅ መጣ። ከሬንጁ ኋላ ደግሞ በጅቡቲ መስመር ዲቾቶ ላይ መንገድ ዳር የሚቃጠል ጎማ። አፍንጫዬን መልሼ አስጠጋሁ፤ ጎማው አሁንም እየተቃጠለ ነው።

እንደ ሥራዬ ደንብ ፈተና አደረግሁ። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብታ አኖርኩ፤ ናፍጣ ያለበት ነገር ሲደርቅ ቅባት ይተዋል። ይህ ምንም ሳይተው ደረቀ። በማንኪያ ቀድቼ ክብሪት ጫርኩበት፤ ላምባ ያለበት ነገር ጥቁር ጥላሸት ያወጣል። ይህ በጠራ ሰማያዊ ነበልባል ነደደ። ሁለቱም ፈተናዎች ንጹሕ ነው አሉኝ። አፍንጫዬ ግን የተበረዘ ነው አለኝ፤ እኔም አፍንጫዬን አመንኩ። ራሱን ያስተማረ ሰው በሽታው ይህ ነው፤ መምህሩን ከመጠን በላይ ያከብራል።

ውስኪውን ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ደፋሁት። የደፋሁት በክፋት አይደለም፤ የሰውዬውን ክብር አድናለሁ ብዬ ነው። ከዚያ ከአንድ ግሮሰሪ በሁለት ሺህ ሁለት መቶ ብር ንጹሕ ውስኪ ገዛሁ። ንጹሕ የምለው ምንም ስለማይሸት ነው። በአቶ ጌታሁን ጠርሙስ ሞላሁትና ቡሹን መልሼ፣ ሞተር ስንገጥም ዘይት እንዳያፈስ በምንቀባው ሲሊኮን አተምኩት። ያ ሲሊኮን ቦቴ ሽቅብ ሲወጣ እንኳ አያፈስም። ካርቶኑ ውስጥ መልሼ ቡፌው ላይ አቆምኩት፤ በዕለቱ መልካም ሥራ እንደሠራ ሰው እጄን ታጥቤ ተኛሁ።

ልንሄድ ሦስት ቀን ሲቀረን ሰናይት ደወለች። ደስ ብሏታል፤ ዳዊት ለሠርጉ አዳራሽ ቀብድ ከፍሏል። አባቱም ስለዚያ ውስኪ እንቅልፍ አጥተዋል አለችኝ። ብርጭቆ ከአዲስ አበባ አስመጥተዋል። ለዘመዶቻቸው ሁሉ ስለ ጭሱ እያስተማሩ ነው።

የምን ጭስ? አልኩ።

«የውስኪው ነዋ አባዬ። ዋናው ነገሩ እኮ ጭሱ ነው። ጭስ ጭስ ካልሸተተ ዋጋ የለውም አሉ። አሥራ ስምንት ሺህ ብር ነው።»

ስልኩን አስቀምጬ ወንበር ፈለግሁ። ቀና ስል የሺ በሩ ላይ ቆማለች።

«ኒሙ ሥር ያፈሰስከው እሱን ነው?» አለችኝ።

እንዳየችኝ አላውቅም ነበር። ከገበያ ከጠበቅሁት ሰዓት በፊት ተመልሳ፣ ከአጥሩ ወዲያ ሆና ሁሉንም አይታለች። ለምን ዝም እንዳለች ስጠይቃት፣ ለዛፉ መድኃኒት እያጠጣህ መስሎኝ ነው አለች። ይህ ቁጣ ይሁን ቀልድ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ትክክለኛው ነገር ምን እንደነበር አውቃለሁ። ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ስልኩን አንስቼ ለልጄ «ይህን ይህን አድርጌአለሁ» ማለት ነበረብኝ። ልጆቼን ሐሰት ነውር ነው እያልኩ ያሳደግሁ፣ ሰናይት በልጅነቷ የትምህርት ቤት እርሳስ ይዛ ብትመጣ «ከየት አመጣሽው?» ብዬ አንድ ኪሎ ሜትር ያስመለስኳት ሰው ነኝ። ግን ሦስተኛውን ሰው በሦስተኛ ሞኝነት ማባረሬ ታየኝ። እናም የሺን ጠላው ላይ የወይራ ሽታ የምታመጣበት ዘዴ ለዚህ ይሆን እንደሆነ ጠየቅኋት።

የማታውቁት እንደሆነ፣ ደህና ጠላ የሚጠመቅበት ዕቃ አስቀድሞ በወይራ እንጨት ይታጠናል። የሚጨሰው ወይራ ላይ ገንቦው ይደፋል፤ ጭሱ ሸክላው ውስጥ ይገባል፤ ኋላ የሚጨመርበት ነገር ሁሉ ያንን ይዞ ይወጣል። የሺ የሃምሳ ብር ወይራ ገዝታ ገንቦ አጠነች። ውስኪውን ጨመርን፣ አፉን ከደንን፣ አሳደርነው። በማግሥቱ ቀመሰችና ትንሽ አሰበች። ጭሱ አነሰ ብላ እንደገና አጠነችው። እንደገና አነሰ አለች። ሦስተኛ ጊዜ ላይ ሥራዋን ወዳዋለች፤ ገንቦውን እያሸተተች ለብቻዋ ፈገግ ስትል አይቻታለሁ። እኔ የማጭበርበር ወንጀል እየፈጸምኩ ነው፤ እሷ ሙያ ላይ ናት።

መሐመድ በፒክአፑ ሊወስደን ሲመጣ ነገሩን ነገርነው። ሽማግሌዬ ነውና መደበቅ አልቻልኩም። ውስኪውን ወደ ጠርሙሱ መልሰነው ነበርና፣ በሲሊኮኑ ዳግም ከማተሜ በፊት ከሩቅ ሆኖ አሸተተ። ወላሂ አይነካውም፣ ሐራም ነው፤ ሽታው ግን የእናቱን የወተት ዕቃ አስታወሰው፤ እነሱም የሚያጥኑት እንዲሁ ነው። ከዚያ፣ ይህን ያህል ገንዘብ ሰው ለወተት ዕቃ ሽታ የሚያወጣ ከሆነ የእሱ ቤተሰብ ሀብታም ነበር ማለት ነው አለ።

መንገዱ ከአዋሽ ሰመራ ቀኑን ይበላል። ጠርሙሱን ጭኔ ላይ ይዣለሁ፣ ከኋላ ምግብና የየሺ ዕቃ አለ፤ ገንቦው ሳይቀር ተጭኗል፤ የጠላ እርሾ ይዛበታለች። መስኮት ስንዘጋ በገንቦው የጭስ ሽታ እንታፈናለን፣ ስንከፍት የገዋኔ ሙቀት ይገባል። አንድ ኬላ ላይ ተቆጣጣሪው ቀረበ፣ አንገቱን በመስኮት አስገባ፣ አሸተተ። ከሰል የት ነው የጫናችሁት? አለ። በዚያ መስመር ያለ ፈቃድ ከሰል መጫን ክልክል ነው፤ ሰውዬው ሥራውን ነው የሚሠራ። የለም አልነው። ከሰል የሌለበት መኪና እንዲህ አይሸትም አለ። እውነቱን ነው። እኔ ብሆን እኔም አላምንም ነበር፤ ጥሩ አፍንጫ ያለው ሰው ነው፣ በሌላ ቀን ብንገናኝ ወዳጅ እሆነው ነበር። ዕቃ ሁሉ ወረደ። የምግቡ ሣጥን ተከፈተ። የመለዋወጫ ጎማው ተንኳኳ። የሺ በዚያ ፀሐይ ገንቦዋን አቅፋ ቆመች፤ ተቆጣጣሪው አንድ ጊዜ ገንቦው ውስጥ፣ አንድ ጊዜ እሷን አየና ተስፋ ቆርጦ አሳለፈን። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ሰው በሃያ ደቂቃ መዘግየት አባርሬ ነበርና ለዚያ ሰው ያን ጊዜ ይቅርታ በልቤ ጠየቅሁ።

የአቶ ጌታሁን ሳሎን ዘመድ ሞልቶበታል። ፍየል ታርዷል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ቬንቲሌተሩ ቆሟል፤ አርባ ዲግሪ ላይ ያለን ሰዎች ክራባት አድርገን ተቀምጠናል። ከምሳ በኋላ አቶ ጌታሁን ስድስት ሆዳቸው የሰፋ አፋቸው የጠበበ ብርጭቆዎች ደረደሩ። አጠገባቸው አንድ ብርጭቆ ውኃና የዓይን መድኃኒት መንጠባጠቢያ አኖሩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

ጠርሙሱ አልከፈት አለ። ቡሹን ጠመዘዙ፣ ሳቡ፣ ዳዊት ሳበ፣ አጎቱ ሳበ። እኔ ጣሪያ ጣሪያ አያለሁ። አቶ ጌታሁን ላባቸውን እየጠረጉ፣ ውድ ነገር አስተሻሸጉ እንዲህ ነው፣ ርካሹ ነው በጣት የሚከፈተው ብለው ለዘመድ አስረዱ። በመጨረሻ መሐመድ ከመኪናው ፒንሳ አመጣ። ሲሊኮኑ እንደ ማስቲካ ተስቦ ወጣ።

ከዚያ ትምህርቱ ተጀመረ። መጀመሪያ ቀለሙን ወደ ብርሃን አድርገን አየን። ቀጥሎ ብርጭቆውን አሽከረከርን፤ በመስታወቱ ላይ ቀስ ብሎ የሚወርደው ዕንባ ይባላል አሉ። አፍንጫ ማስገባት፣ አፍ በትንሹ ከፈት ማድረግ። መጀመሪያ መጠጣት ነውር ነው። ባሕር ማዶ በዚያ አገር ረግረግ መሬት አለ፤ ሣሩ በሺህ ዘመን በስብሶ አፈር ይሆናል፤ አፈሩን እየቆረጡ አድርቀው ያነዱታል፣ ብቅሉንም በጭሱ ያደርቁታል። ሽታው ከዚያ ነው የሚመጣ።

«ኩበት በሉኛ» አለች የሺ።

ኩበት አለመሆኑን በትሕትና አስረዷት። አፈር ነው።

የሚነድ መሬት እኛ ክልል ውስጥም አለ፤ ፈረንጅ ከዓለም ዳር ድረስ ሊያየው ይመጣል። ገብስ ያሰጣበት ሰው ግን እስካሁን የለም። ይህን ልናገር አስቤ ሰናይትን አየኋት። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ እኔን እኔን ታያለች። ተውኩት።

አቶ ጌታሁን አፍንጫቸውን ብርጭቆው ውስጥ ከተቱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ባሕሩ ይኸውላችሁ» አሉ። «የባሕር ጨው። ከኋላው የረግረጉ ጭስ። ከጭሱ ኋላ... ማር።»

ዘመድ ሁሉ አሸተተ። አጎትየው ባሕሩ እንደተሰማው ተናገረ፤ ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። አንዲት አክስት ማሩ ላይ ደረሰች። ዳዊት ጎንጨት ብሎ ለረጅም ጊዜ ሳለ፤ ይህም የጥሩ ውስኪ ምልክት ተባለ። በመንጠባጠቢያው ሁለት ሁለት ጠብታ ውኃ ሰጡን፤ ሲታከልበት አበባው ይከፈታል አሉ። ተራው ለእኔ ደረሰና ምን እንደሸተተኝ ጠየቁኝ። ሌላ የማውቀው ነገር ስላልነበረ «ወይራ» አልኩ።

አቶ ጌታሁን ከመቀመጫቸው ተነሡ። ይህን ያህል ንጹሕ አፍንጫ ያለው ሰው አይተው አያውቁም፤ እንጨቱን ለየው፤ ሰው ሁሉ ጭስ ይላል፣ እንጨቱን የሚለይ ግን የለም። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አኖሩና ወደ ዘመዶቻቸው ዞሩ።

«ልጄን የምሰጠው ለእንዲህ ዓይነት ቤት ነው» አሉ። «እውነት ለሚናገር ሰው።»

በዚያ ሰዓት ዝም ያለ ሰው ብልህ ነው። እኔ ግን አልቻልኩም። ሦስት ቀን የታመቀው ነገር ወጣ። ከአፍንጫዬ ጀምሬ እስከ ገንቦው ድረስ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ፤ ማንኪያውን፣ ነበልባሉን፣ ኒሙን፣ ሲሊኮኑን፣ የግሮሰሪውን ዋጋ ሳይቀር። ስጨርስ ሸክሙ ከጀርባዬ ወርዶ ነበር። የወረደው የት እንደሆነ ያየሁት ኋላ ነው።

አቶ ጌታሁን ብርጭቆውን እንደያዙ ቆመዋል። መነጽራቸውን ፈልገው አጡት፤ በእጃቸው ላይ ነበር።

«እኔ ግን ባሕሩ ሸቶኛል» አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

መሐመድ ጅቡቲ ቅርብ ናት፣ ነፋስ አምጥቶት ይሆናል አላቸው። ለማስታረቅ ነው ያለው፤ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሁለት ሰው ሳቀ፣ አክስቲቱ መቀመጫዋን እስክትለቅ ሳቀች። አቶ ጌታሁን ብርጭቆውን አስቀምጠው መኝታ ቤት ገቡና በሩን ዘጉ። ቀን አልተቆረጠም።

ሰናይት ግቢ ድረስ ተከትላኝ ወጣች። እውነቱን በመናገሬ ቢያንስ እሷ ትረዳኛለች ብዬ ነበር።

«አባዬ፣ ለእኔ በስልክ ልትነግረኝ ትችል ነበር» አለች። «ለሳቸው ለብቻቸው ጠርተህ ልትነግራቸው ትችል ነበር። አንተ እውነት የምትናገረው ሰው ሲሞላልህ ነው።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ እራት ላይ የተናገርኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ፊቴ ላይ ተመለሰ። ውሸቴ ልጄን አልጎዳትም ነበር፤ የጎዳት ንጽሕናዬ ነው። ይህን የምጽፈው ለወላጆች ምክር እንዲሆን ነው፣ ምክሩን ግን ገና ራሴ አላገኘሁትም።

መሐመድ በሳምንቱ ብቻውን ሰመራ ተመልሶ ሽምግልና ተቀመጠ። አቶ ጌታሁን በጠርሙሱ አልተቀየሙም፤ የተቀየሙት በባሕሩ ነው። ቅድመ ሁኔታቸው አንድ ሆነ። ያው ዓይነት ጠርሙስ፣ የታሸገ፣ ደረሰኝ ያለው፤ ያው ሳሎን፣ ያው ዘመድ፤ እኔም በሥርዓቱ አሽትቼ፣ ጠጥቼ፣ የሸተተኝን በሰው ፊት ልናገር። ያን ጊዜ ቀን ይቆረጣል። እስከዚያ አይቆረጥም። የአዳራሹ ቀብድ ሳይመለስ ቀረ።

ጠርሙሱ አዲስ አበባ የተገኘው ፍለጋ በጀመርን በስድስተኛው ወር ነው። ዋጋው ጨምሯል። ጥቅምት ላይ ከነማኅተሙ ይዘን ሄድን፤ በዚህ ጊዜ መኪናው ምንም አልሸተተም፣ ኬላውም ዕቃ ሳያስወርድ አሳለፈን። ሌላ ፍየል ታርዷል። ዳዊትና ሰናይት በአንድ ሶፋ ላይ፣ በመሀላቸው የአንድ ሰው ቦታ ትተው ተቀምጠዋል። ያቺን ቦታ ሳያት እኔ እዚያ መሀል የተቀመጥኩ መሰለኝ።

ቡሹ በጣት ተከፈተ። አቶ ጌታሁን ለእኔ ቀዱ፣ ለራሳቸው ቀዱ። አሽከረከርን። እንደ ሥርዓቱ እሳቸው ቀደሙ፤ አሸተቱና ፊታቸው ቆመ። ድጋሚ አሸተቱ። ጎንጨት አሉ። የክሊኒኩን ጠረን፣ ሬንጁንና የዲቾቶን ጎማ አንድ በአንድ በፊታቸው ላይ ሲያልፉ አየኋቸው። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሰውዬው ይህን ዓይነት ጠርሙስ በሕይወታቸው ከፍተው አያውቁም። የባሕሩንም የማሩንም ነገር እኔ የማርሽ ሣጥኑን እንደተማርኩት ነው የተማሩት፤ ለብቻቸው፣ ሰው ሳያያቸው፣ እያነበቡ። ያን ያህል የናቅኋቸው በምን ነበር?

የእኔ ተራ ሆነ። ዘመድ ሁሉ ይጠብቃል። አሸተትኩ፣ ጠጣሁ፣ ጉሮሮዬ ተቃጠለ። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት የሰናይትን ዓይን አየሁ፤ መልሼ ዘጋሁት። ወደ አቶ ጌታሁን ጆሮ ጠጋ ብዬ፣ እሳቸው ብቻ እንዲሰሙኝ አድርጌ፣ «ጎማ» አልኳቸው።

ከዚያ እሳቸውም ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«የወይዘሮ የሺ ይሻል ነበር።»

ቀና ብለው መነጽራቸውን አደረጉና ለዘመድ ሁሉ ጮክ ብለው «ባሕሩ አለ» አሉ። እኔም አለ አልኩ። በሰው ፊት የዋሸሁት የመጀመሪያ ውሸቴ ነው፤ ቄሱ ሲጠይቁኝ እመልሳለሁ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ሰናይት ተነሥታ ብርጭቆ ስትሰበስብ በእኔ በኩል አለፈችና ትከሻዬን በእጇ ነካ አድርጋ ሄደች። ለሠርጉ አቶ ጌታሁን ራሳቸው ለየሺ ስልክ ደውለው፣ በገንቦ የሚታጠነውን ምን ያህል ልታዘጋጅ እንደምትችል ጠይቀዋታል።

ሒሳቡን የማሳውቀው ሌሎች አባቶች እንዲያውቁት ብዬ ነው፤ ከሁሉም ኪስ የወጣ ስለሆነ የማንንም ድርሻ አልለይም። ኒም ሥር የፈሰሰው አሥራ ስምንት ሺህ፣ የግሮሰሪው ሁለት ሺህ ሁለት መቶ፣ ወይራው ሃምሳ፣ የሁለቱ ጉዞ ናፍጣ አሥራ ሦስት ሺህ፣ ሁለቱ ፍየሎች አሥራ ስምንት ሺህ፣ ሳይመለስ የቀረው የአዳራሽ ቀብድ አሥራ አምስት ሺህ፣ ሁለተኛው ጠርሙስ ሃያ አንድ ሺህ አምስት መቶ። በድምሩ ሰማንያ ሰባት ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ ብር።